ዘንዶውን ማን ገራው?

መብራት የሄደው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ገርጂ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በባልትና ሱቅና በሞባይል ጥገና መካከል በተሸጎጠች ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አራት ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ ድርግም አሉ። አራቱም ላይ ኳስ ነበር። አንደኛው ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ አውራ ጣቱን እንዳዘጋጀ ቀረ። ሁለት ለአንድ ሲመራ የነበረው ጊዜ አላጠፋም፤ «አሸንፌያለሁ፣ ሂሳቡ ያንተ ነው» አለ። የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ክርክሩ ሲጋጋል ባለቤቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ፈረደ። «መብራት ሲመጣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አሁን ቁጭ በሉ።»

ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታንጸባርቅ በሩ ላይ የተሰቀለው ወፍራም መጋረጃ ቤቱን አጨልሞታል። ባለቤቱ አሮጌ ላፕቶፑን ከፈተ። ቀን ቀን እንጀራው ኳስ ነው፤ ለራሱ የሚጫወተው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከጀርባው ተሰበሰቡ። እኔም ተጠጋሁ።

ላፕቶፑ ላይም ሌሊት ነው። በፍርስራሽ ውስጥ ሦስት ምልምሎች በአንድ ጺማም አዛዥ ፊት ቆመዋል። አዛዡ ጽዋ ይዟል፤ ጽዋው ውስጥ ያለው የጭራቆች ደም ነው። የመጀመሪያው ምልምል ጠጣና ጉሮሮውን ይዞ ወደቀ፤ ሞተ። ሁለተኛው ይህን አይቶ ወደኋላ አፈገፈገ። ሚስት አለኝ፣ ነፍሰ ጡር ናት ብሎ ሰይፉን መዘዘ። አዛዡ ሳይቆጣ፣ እያዘነ ወጋው። ከዚያ ጽዋውን ወደ ሦስተኛው ዘረጋ። ሦስተኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ማንም አልተነፈሰም። ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ «ጋሼ፣ ይሄ ጥሩው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«ጥሩው ነው» አለ ባለቤቱ።

ደሙን የጠጡ ጀግኖች

ጌሙ «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ» ይባላል። የካናዳው ባዮዌር ኤድመንተን ከተማ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2009 ለገበያ ያቀረበው ነው። ላፕቶፑን ከከበቡት ልጆች አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ተከታዮች ወጥተዋል፤ «ድራገን ኤጅ 2» በ2011፣ «ኢንኲዚሽን» በ2014፣ «ዘ ቬይልጋርድ» በ2024። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ተከታታዩን ከመጀመሪያው ጀምረው የሚያውቁ ተጫዋቾች አንድ ጥያቄ ላይ ተከፋፍለዋል። ይህ ታሪክ ጨለማውን አጥቷል? ወይስ አድጎ ብርሃን ለብሷል?

ባዮዌር የመጀመሪያውን ጌም ሲያስተዋውቅ ጨለማ የጀግንነት ታሪክ እንደሆነ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ደም በስክሪኑ ላይ ሞልቷል። ተጫዋቹ ከውጊያ ወጥቶ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ ፊቱ በደም እንደተረጨ ነው፤ ይህም አንዳንዴ ያስቃል እንጂ አያስፈራም። የሚከብደው ሌላው ነው።

ጽዋውን የሚጠጡት «ግሬይ ዋርደን» የተባሉ ተዋጊዎች ናቸው። ደሙ ጭራቆቹ ሲቀርቡ የሚያውቁበትን ስሜት ይሰጣቸዋል፤ በምትኩ ዕድሜያቸውን ይወስዳል። ወዲያው ካልገደላቸው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ከውስጥ ይጠራቸዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ምድር ውስጥ ወርደው እየተዋጉ መሞት ልማዳቸው ነው። የጭራቆቹን ጦር የሚመራውን ታላቅ ዘንዶ መግደል የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው። የገደለውም አብሮ ይሞታል። ከዚህ ዕጣ ለማምለጥ የሚፈልግ ከመጨረሻው ጦርነት በፊት በነበረው ሌሊት ሞሪጋን የተባለች ጠንቋይ የምታቀርብለትን ስምምነት መቀበል አለበት፤ ስምምነቱ ምን እንደሚወልድ ግን ማንም አያውቅም።

ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከዚያች ፕሌይስቴሽን ቤት ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው የገርጂ ጊዮርጊስን ደጅ ይሳለማል። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ለዘንዶው የተሰጠችው የቤሩት ልጅ ዛፍ ላይ ወጥታ ስታይ ልጆቻችን አይተው ያደጉት ነው። ከዚያም በፊት የአክሱሙ አርዌ አለ። ሕዝቡ ሴት ልጆቹንና ከብቱን የሚገብርለት፣ ንጉሥ የሆነ ዘንዶ። አጋቦስ የተባለው ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል አቅርቦ ገደለው፣ እርሱም ነገሠ ይላል አንዱ ትረካ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ሣጥኖች ከፋፍለው የሚያሳዩት ሥዕሎችም የሚጀምሩት ከዚሁ ዘንዶ ነው።

በትግራይ ከሚነገሩት የዚህ ታሪክ ዓይነቶች አንዱ ንግሥቲቱን፣ እትዬ አዜብን፣ ለዘንዶው ከዛፍ ጋር ታስራ ያሳያታል። ሰባት ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ገደሉት፤ እርሷም ዳነች። ነገር ግን የዘንዶው ደም ተረከዟ ላይ ጠብ አለ፤ እግሯም የአህያ እግር መሰለ። ነገሠች፤ እግሯ ግን እስክትፈወስ ድረስ ከእሷ ጋር ነበር። ዘንዶ ያሸነፈ ሰው ንጹሕ ሆኖ አይመለስም። ግሬይ ዋርደኖቹን የፈጠሩት የካናዳ ጸሐፊዎች ይህን ተረት ሰምተው ይሁን አይሁን ለጉዳዩ ለውጥ የለውም። ያገኙት እውነት አንድ ነው፤ ደሙ ይነካል።

አያቶቻችን ምድጃ ዳር ስለ ጭራቅ ሲያወሩን ጭራቁ ልጅ ይበላ ነበር። በአያ ጅቦ ተረትም የሞተው ሞቶ ይቀራል። አድማጩ ልጅ ነው ብሎ ማንም አላለሰለሰውም። ተረቱ የሚያስተምረው ፍርሃትን ብቻ አልነበረም፤ የሞኝነትም የተንኮልም ዋጋ እንዳለው ጭምር ነው።

ጨለማው የት ነበር?

ባለቤቱን ከሁሉ የከበደህ የትኛው ክፍል ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሳያመነታ «የሬድክሊፉ ልጅ» አለኝ።

ኮነር የገዢው ልጅ ነው። አባቱ ተመርዞ አልጋ ላይ ሲወድቅ እርሱን ለማዳን ብሎ ከጋኔን ጋር ይዋዋላል። ጋኔኑ በልጁ አድሮ መንደሩን ይፈጃል። ተጫዋቹ ቤተ መንግሥቱ ሲደርስ ምርጫው ይቀርብለታል። ልጁን መግደል፣ ወይም እናቱ ደሟን ሰጥታ በደም አስማት ጋኔኑ ካለበት ዓለም ገብቶ መዋጋት። እናትየው ራሷ «እኔ ልሙት» ትላለች።

«ግን ሦስተኛ መንገድ አለ» አለ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ። አለ። ጠንቋዮቹ ወደሚኖሩበት ግንብ ሄዶ እርዳታ ማምጣት ይቻላል። እስኪመለስ ድረስ ጋኔኑ መንደሩን እንደገና ይፈጃል ብሎ ተጫዋቹ ይሰጋል፤ ሲመለስ ግን ምንም አልሆነም። ልጁም እናቱም ይተርፋሉ። እንግዲህ ትዝታችን እንደሚለው የመጀመሪያው ጌም በሁሉም ቦታ ጨካኝ አልነበረም። ይህን ሳያነሱ ስለ ድሮው ማልቀስ ታማኝነት አይደለም።

የጌሙ እውነተኛ ጨለማ ከጋኔኖቹ ይልቅ በሰዎቹ ዘንድ ነበር። ሎጌይን የሀገሩ ጀግና ነው፤ በወጣትነቱ ወራሪ አባሯል። በታሪኩ መጀመሪያ በኦስታጋር ጦርነት ንጉሡን ከጭራቆች ጋር ትቶ ጦሩን ይዞ ይወጣል። በኋላ የጦርነቱን ወጪ ለመሸፈን በዋና ከተማው ቅጥር ውስጥ ታጉረው የሚኖሩትን ኤልፍ የተባሉትን ሰዎች ለባሪያ ነጋዴዎች ይሸጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሀገሩን ስለሚወድ ነው። ክፋት ከሰማይ አልወረደም፤ ከጎረቤት፣ ከባለሥልጣን፣ ከሀገር ወዳድ ነው የመጣው። ታሪኩ የሚከፈትባቸው ስድስት የተለያዩ መነሻዎች ደግሞ ተጫዋቹ ባላባት ይሁን ድሃ፣ የተከበረ ይሁን የተናቀ ያንኑ ዓለም ከየትኛው ወገን እንደሚያየው ይወስናሉ። የከተማ ኤልፍ ሆኖ የጀመረ ሰው ጨዋታውን የሚከፍተው ሠርጉ ላይ የባላባት ልጅ ሴቶቹን አፍኖ ሲወስድ ነው።

ሁለተኛው ጌም በችኮላ የተሠራ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል፤ አንዱ ዋሻ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ጨለማውን ግን አልጣለም። ሆክ የተባለው ስደተኛ በኪርክዎል ከተማ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያጣል፤ እናቱን ለማዳን የቱንም ያህል ቢፈጥን አይደርስም። ጓደኛው አንደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ከነሕዝቡ ያፈነዳዋል። ሦስተኛው «ኢንኲዚሽን» ሰፊ፣ ያሸበረቀና ሜዳው የማያልቅ ሆነ፤ የ2014 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸለመ። ሰማዩ ብርሃን መሆን የጀመረው ያኔ ነው።

የጸዱ ገዳዮች

«ዘ ቬይልጋርድ» እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2024 ወጣ፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም። ከአምስት ወር ገደማ በፊት በሰኔ የታየው ማስታወቂያ ሐምራዊ ብርሃን፣ ቀልድና ፈጣን ሙዚቃ የሞላበት ስለነበር ነባሮቹ ተጫዋቾች ገና ከዚያው ተቆጡ።

የሚከላከሉለት ሰዎች ያላቸው ማስረጃ ቀላል አይደለም። በጌሙ ውስጥ ሁለት ከተሞች በአንድ ጊዜ ይጠቃሉ፤ ተጫዋቹ ለአንዱ ብቻ ይደርሳል፣ ሌላው ይበላሻል። መጨረሻ ላይ ከሁለት ጓደኞች አንዱ የግድ ይሞታል፤ ቀድሞ ካልተጠነቀቁ ሌሎችም ይከተላሉ። በጭራቆቹ በሽታ የተዋጡ፣ ሥጋ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀባቸው መንደሮች አሉ። በአስፈሪነት ከተመዘነ አንዳንዱ ሥዕሉ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ግን «አንቲቫን ክሮውስ» የተባሉትን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ጌም እነዚህ ሕፃናትን ገዝተው፣ እየደበደቡ ነፍሰ ገዳይ አድርገው የሚያሳድጉ ማኅበር ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዜቭራን በሰባት ዓመቱ በሦስት የወርቅ ሳንቲም እንደተሸጠላቸው እየሳቀ ይነግረናል፤ ሳቁ ነው የሚያመው። በ«ቬይልጋርድ» ግን ክሮውስ የትሬቪሶን ከተማ ከወራሪ የሚከላከሉ፣ በአያታቸው ዙሪያ የተሰበሰቡ፣ ቡና የሚወዱ የተከበሩ ቤተሰብ ሆነው ቀርበዋል። የቴቪንተርም ነገር እንዲሁ ነው። ሦስት ጌም ሙሉ የባሪያ ንግድ ማዕከል እየተባለ ሲወራ የኖረው ግዛት ዋና ከተማ ላይ በመጨረሻ ሲደረስ ባርነቱ ከመንገዱ ላይ ተጠርጓል ማለት ይቻላል። ክፋት ሁሉ ኤልጋርናንና ጊላናይን በተባሉ ሁለት አማልክት ትከሻ ላይ ተጭኗል።

የጓደኞቹም ጠባይ ተለውጧል። በመጀመሪያው ጌም ጓደኛ ይቆጣል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ሰይፍም ይመዛል። በአራተኛው ሰባቱም ጓደኞች ደጎች ናቸው፤ ቢጋጩም ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፣ ይግባባሉ። ለጎረቤትነት ጥሩ ሰዎች ናቸው። ለታሪክ ግን ማንም ክፉ ማድረግ የማይችልበት ቤት ደግነትም ትርጉም ያጣል።

ከዚህ የተነሳ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ተከታታዩ ጭራቁን አልጣለም፤ ሎጌይንን ነው የጣለው። አስፈሪው ፍጥረት አለ፤ አስፈሪው ሰው ሄዷል።

ጨለማ በቀለም ብቻ እንደማይለካ ሌላ ምሳሌ አለ። «ዲያብሎ 3» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲተዋወቅ ቀለሙ በዝቷል ብለው ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች አቤቱታ ፈርመው ነበር። ጌሙን የሠሩት የብሊዛርድ ሠራተኞች በ2012 ባወጡት ጌም ውስጥ ቀስተ ደመናና አበባ የሞላበት ስውር ቦታ ደብቀው ተሳለቁባቸው። በ2023 ደግሞ «ዲያብሎ 4» ጥቁሩን መልሶ ለበሰ። ያ ጠብ የቀለም ስለነበር ቀለም ፈታው። የ«ድራገን ኤጅ» ነገር በቀለም ቆርቆሮ አይፈታም።

የአንድ ቤት ልጆች

ገርጂ ላይ መብራት ጠፍቶባቸው የነበሩት አራት ቴሌቪዥኖችና የባለቤቱ ላፕቶፕ አንድ ጌታ አላቸው። ልጆቹ አሁንም «ፊፋ» የሚሉት፣ ከ2023 ወዲህ ስሙ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የሆነው ኳስ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ባዮዌርንም እ.ኤ.አ. በ2008 የጠቀለለው ይኸው ኩባንያ ነው። ዘንዶው ለምን እንደተገራ ለመረዳት ኳሱን ማየት ያስፈልጋል።

ኳሱ ላይ ተጫዋቾች ጌሙን ከገዙ በኋላም የተጫዋች ካርድ ለመግዛት በየጊዜው ይከፍላሉ። አንዴ ተሸጦ የሚያልቅ ታሪክና ዓመቱን ሙሉ የሚከፈልበት ሜዳ ለሒሳብ ሠራተኛ እኩል አይታዩም። በትንሽ ቡድን የተጀመረው አራተኛው «ድራገን ኤጅ» እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰረዘና ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ እንዲጫወተው ሆኖ እንደ አዲስ ተጀመረ። በ2019 የባዮዌር «አንተም» የተባለው መሰል ጌም ሲወድቅ፣ ለአንድ ሰው የተሠራው የስታር ዎርስ ጌም ደግሞ ሲሸጥ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። «ድራገን ኤጅ» ሁለተኛ ጊዜ ተገለበጠና ወደ ብቸኛ ተጫዋች ተመለሰ።

የብሉምበርጉ ጋዜጠኛ ጄሰን ሽራየር በ2025 እንደዘገበው፣ ቀልደኛው የንግግር ዘይቤ የብዙ ተጫዋቾች ጌም ይሆናል ተብሎ ከታሰበበት ጊዜ የተረፈ ነበር፤ ዘግይቶ ቁም ነገር ለማልበስ ጽሑፉ እንደገና ተነካካ። ሁለት ወዶ አይሆንም። የታሪኩን ዓለም ያነጸው ዴቪድ ጌይደር ባዮዌርን የለቀቀው በ2016 ነው። ከመጀመሪያው ጀምራ ስትጽፍ የነበረችው ሜሪ ከርቢ በ2023 ከተቀነሱት 50 ያህል ሠራተኞች አንዷ ነበረች። የተረት እናት የሌለበት ቤት ተረቱን ማለሳለሱ አይገርምም።

በጃንዋሪ 2025 ኩባንያው «ቬይልጋርድ»ን በሩብ ዓመቱ የተጫወተው 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው መሆኑን አስታወቀ፤ ይህም ከጠበቀው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የኩባንያው ኃላፊ አንድሩ ዊልሰን ጥሩ ታሪክ ብቻ እንደማይበቃ፣ ተጫዋቾች የጋራ ዓለም እንደሚፈልጉ ለባለ አክሲዮኖች ተናገረ። የባዮዌር ሠራተኞችም ከመቶ በታች ወረዱ። ከአንድ ውድቀት ተቃራኒ ትምህርት ማውጣት ይቻላል፤ ኩባንያው የወሰደው ትምህርት ዘንዶው ገና አልተገራም የሚለውን ነው።

በሻንጣ የመጣ ዘንዶ

ይህ ሁሉ ቦሌ ላይ ምን ያገባዋል? ያገባዋል፤ በገንዘብ በኩል። የ«ቬይልጋርድ» ዋጋ ለኮምፒውተር 60 ዶላር፣ ለፕሌይስቴሽን 70 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለለ። ጌሙ የወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት 3,500 ብር ገደማ ይሆን የነበረው ጌም ከሰባት ሺህ ብር አለፈ፤ ያውም የሌላ ሀገር አካውንት ከፍቶ፣ ክፍያውን የሚፈጽምለት የውጭ ዘመድ አግኝቶ ነው።

ስለዚህ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሰሚትና አያት ያለው ጌመር አሮጌውን ይጫወታል። ማሽኑ ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፤ ጌሙን በሃርድ ዲስክ ያስጭናል። ፕሌይስቴሽን ቤቶችም እንዲህ ያለ ታሪክ አይጭኑም። አንድ የኳስ ግጥሚያ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ሂሳቡም ይዘጋል፤ ከሃምሳ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ዘንዶ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። አማርኛ ትርጉምም የለውም። እንግሊዝኛቸውን ከጌም ንባብ የተማሩ ወጣቶች የሎጌይንን ክህደት መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ነው ያወቁት። የቀረቡት ወደ መጀመሪያው ጌም መሆኑ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ኪስም ነው።

እዚሁ አዲስ አበባ ጌም የሚሠሩም አሉ። ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» በሚለው የስልክ ጌሙ የምትሸሽ ዶሮ ያስሮጠናል። ጌሙ ደማቅ፣ ፈጣንና አስቂኝ ነው። ግን በበዓል ዋዜማ ዶሮ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ዶሮዋ ለምን እንደምትሮጥ ሳይነገረው ያውቃል። ይህ ሳቅ ከሥሩ ቢላዋ አለበት። ጨለማ ማለት ጥቁር ቀለም አይደለም ብሎ ለሚከራከር ሰው ከ«ኩኩሉ» የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ወጣት ጌም ሠሪዎቻችን አርዌን፣ ዛርን፣ ጭራቅን፣ ጠልሰምን ገና በሙሉ አልነኩም። ሲነኩት ከኤድመንተን የሚማሩት ይኖራል። ልጆች ይፈራሉ ብለው፣ ሁሉም ሰው ይውደደው ብለው የእትዬ አዜብን ተረከዝ እንዳያጥቡት። ደሙ እዚያ ላይ ይቆይ።

መብራቱ የመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አራቱ ቴሌቪዥኖች በርተው ልጆቹ ወደየወንበራቸው ሮጡ፤ ትንሹ ብቻ አዛዡ ጽዋውን እንደዘረጋ የቆመበትን ላፕቶፕ እያየ ትንሽ ዘገየ። ባለቤቱ ክዳኑን አጠፈው። ግጥሚያው በተፈረደው መሠረት ከዜሮ ተጀመረ። ሁለት ለአንድ ሲመራ የነበረው ልጅ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ፤ ጥቂት አጉረመረመና ኪሱ ገብቶ ከፈለ።